የድንቅነሽ 52.67 ሰዓት፦ ከብዙ ቴሌስኮፖች የመጣ የአስትሮይድ ድምቀት እንዴት ነው አንድ ላይ የሚገጣጠመው?

ብርሃን ለኪ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን በአስትሮይዶች ድምቀት ላይ ለመሥራት አስቤ አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሉሲ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በኖቬምበር 1 ቀን 2023 በአስትሮይድ ድንቅነሽ አጠገብ፣ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት ማለፏን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በተለያዩ አገሮች ያሉ ቴሌስኮፖች ድምቀቷን ሲለኩ ከረሙ። ልኬቱ ተሰባስቦ ሲታይም አስትሮይዷ በ52.67 ሰዓት አንድ ጊዜ የምትዞር ዘገምተኛ ናት ተባለ። መንኮራኩሯ ስትደርስ ግን ድንቅነሽ በ3.74 ሰዓት የምትሽከረከር ሆና ተገኘች። በዚያ ላይ ሰላም የሚል ስም የወጣላት ጨረቃ አለቻት።

የክፍል ጓደኞቼ "ከምድር ሆኖ የሚለካ ነገር ይኸው ነው፤ ግምት" ይሉኛል። እኔ ግን የስህተት ወሰኑ 0.04 ሰዓት ብቻ የሆነ ቁጥር ከባዶ ይመጣል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ታዲያ 52.67 ምን ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራ ነው። የምልከታ ጣቢያዎች ለንኡሳን ፕላኔቶች ማዕከል ከላኩት ልኬት ላይ የድንቅነሽን ድምቀት አውርጄ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጥኩት። ነጥቦቹ በየቴሌስኮፑ ንብርብር ሠርተው ነው የሚቀመጡት። የአንዱ ጣቢያ ልኬት ከሌላው ጣቢያ እስከ ግማሽ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ድምቀቱ ያንሳል) ይራራቃል። ይህን ንብርብር ወደ አንድ መስመር ለማምጣት ከየት ነው የሚጀመረው?

ምን አገባኝ (አዲስ አበባ)

እኔ የማልገባበት የለምና ልግባ። አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይዞ ሁለት ሦስት ሌሊት በደንብ ማየት አይሻልም? ከየአገሩ ቁራጭ ለቅሞ ድሪቶ መጣፍ ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

@ምን አገባኝ፦ ትልቁን ቴሌስኮፕ ለሦስት ሌሊት ሙሉ የሚሰጥህ ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ። ቢሰጡህም ፀሐይ መውጣቷ አይቀርም። 52 ሰዓት የሚፈጅን ነገር ሌሊቱ ስምንት ወይም አሥር ሰዓት ከሆነበት ቦታ ብቻህን ሆነህ አትጨርሰውም።

@ብርሃን ለኪ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ከሁለተኛው ልጀምር፤ እርሱ ከተፈታ የመጀመሪያው በቀላሉ ይገባል።

ያወረድሻቸው ቁጥሮች ከቴሌስኮፕ የሚታይ ድምቀት ናቸው። በውስጣቸው የአስትሮይዷ መዞር ብቻ ሳይሆን ከመዞሯ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ብዙ ነገር አለ። ከሁሉ በፊት ርቀት ይወጣል። ከፀሐይ ያላት ርቀትና ከመሬት ያላት ርቀት በሥነ ፈለክ አሐድ (የመሬትና የፀሐይ አማካይ ርቀት) ተለክተው ይባዙና የብዜቱ ሎጋሪዝም በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል። ለምሳሌ አስትሮይዷ ከፀሐይ 2.2፣ ከመሬት 1.2 አሐድ ብትርቅ ቅነሳው 2.11 ማግኒቲዩድ ነው። ከሳምንታት በኋላ ከመሬት 1.5 አሐድ ብትሆን 2.59 ይሆናል። በመካከሉ ያለው የ0.48 ልዩነት ከርቀት ብቻ የመጣ ነው። ንብርብርሽ ግማሽ ማግኒቲዩድ ነው አላልሽም? ጣቢያዎቹ በተለያየ ወር የለኩ ከሆነ ከፊሉ እዚሁ ያልቃል።

ቀጥሎ የማዕዘን ጉዳይ አለ። ፀሐይ፣ አስትሮይዷና መሬት የሚሠሩት ማዕዘን ዜሮ ሲጠጋ ጥላዎች ከኋላ ይደበቁና አስትሮይዷ ትፈካለች፤ ማዕዘኑ ሲሰፋ ትደበዝዛለች። ከዜሮ ወደ 20 ዲግሪ ሲሄድ ለተለመደ ድንጋያማ አስትሮይድ ልዩነቱ 0.9 ማግኒቲዩድ ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1985 ያጸደቀው ባለ ሁለት ቁጥር ቀመር ይህን የሚያስተካክል ነው፤ በ2012 ደግሞ ባለ ሦስት ቁጥር የሆነው ተተክቶበታል። ማዕዘኑ እየጠበበ ሲሄድ መስመሩ እስከ ጥቂት ዲግሪ ድረስ ቀጥ ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች ላይ ግን ሽቅብ ስለሚዘል እዚያ አካባቢ ያለ መረጃ ካለሽ በጥንቃቄ ያዢው።

የብርሃን ጉዞም አለ። ብርሃን አንድ የሥነ ፈለክ አሐድ ለመሄድ 499 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለ52 ሰዓት ዑደት ይህ ምንም አይደለም። በሁለት ሰዓት ለሚዞር አስትሮይድ የወራት መረጃ ስታገጣጥሚ ግን ግራፍሽን ያደፈርሰዋል።

ፊልተሩ፣ ማለትም የተወሰነ ቀለም ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ሰማይ የሚቃኙት የአትላስ ቴሌስኮፖች ሳያንና ብርቱካናማ በሚባሉ ሁለት ሰፋፊ ፊልተሮች ይሠራሉ፤ በፓሎማር ያለው ዝዊኪ የተባለው ቃኚ ቴሌስኮፕ አረንጓዴና ቀይ አለው፤ የጠፈር ቴሌስኮፕ የነበረችው ጋያ የራሷ ሰፊ የቀለም መስኮት ነበራት፤ ሌላዋ የጠፈር ቴሌስኮፕ ቴስ ደግሞ ከ600 እስከ 1000 ናኖ ሜትር ታያለች። አንዱን አስትሮይድ በአንዱ ሰከንድ ሁሉም ቢለኩት ሁሉም የተለያየ ቁጥር ይጽፋሉ፤ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። የአስትሮይዱን ቀለም ካወቅሽ ትቀይሪዋለሽ፤ ካላወቅሽ ለእያንዳንዱ ፊልተር አንድ ቋሚ ልዩነት በስሌቱ ውስጥ እንዲፈለግ ታደርጊያለሽ።

ከሁሉ ወዲያ ግን የመረጃሽ ምንጭ አላማረኝም። ወደዚያ ማዕከል የሚላከው ድምቀት ለቦታ ልኬት ታስቦ የተነሣ ምስል ተረፈ ምርት ነው። ብዙው፣ በተለይ የቀድሞው፣ እስከ 0.1 ማግኒቲዩድ የተጠጋጋ ነው፤ አንዱ ጣቢያ በአንድ የኮከብ ካታሎግ፣ ሌላው በሌላ የለካው ነው። ድንቅነሽ ደግሞ ደብዛዛ ናት። ከላይ በሰጠሁሽ ርቀት 20ኛ ማግኒቲዩድ አካባቢ ትሆናለች፤ የአትላስ ቴሌስኮፖች አቅም ግን በ19.5 አካባቢ ያበቃል። አቅሙ ጫፍ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ አስትሮይዷን የሚያገኛት ስትደምቅ ብቻ ነው። ስትደበዝዝ "አልታየችም" ይልና ቁጥር አይጽፍም። ስለዚህ የሚደርስሽ መረጃ ሸለቆዎቹ የተቆረጡበት ነው፤ አማካዩ ከእውነቱ ይደምቃል፣ የመለዋወጡም መጠን ያንሳል። ይህ በምንም ቀመር አይመለስም።

ብርሃን ለኪ (ባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተቆረጡት ሸለቆዎች ነገር በፍጹም አልታየኝም ነበር።

አንድ የሚያምታታኝ አለ። አንድ የማማክራቸው መምህር "ርቀቱንና ማዕዘኑን ካስተካከልሽ በኋላ የእያንዳንዱን ሌሊት ቁራጭ ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተትሽ እርስ በርሱ እስኪገጥም አስተካክዪ፤ የሁሉም ሰው አሠራር እንዲህ ነው" ብለውኛል። ልክ ነው?

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

መምህርሽ ልክ ናቸው ልጄ። እኔ ከጓሮዬ ባለ 28 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ አስትሮይድ መለካት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ሁልጊዜም የማደርገው ይህንን ነው። የአንዱ ሌሊት አየር ከሌላው አይመሳሰልም፣ የካሜራው ሙቀት ይለያያል፣ ማነጻጸሪያ ከዋክብቱም በየቀኑ ይቀየራሉ። የሌሊቱን መነሻ ነጻ ካልለቀቅሽው የአየሩን ጠባይ የአስትሮይዱ ጠባይ አድርገሽ ትጽፊዋለሽ።

ማስረጃ ከተፈለገ ጨረቃ ያለው አስትሮይድ ዲዲሞስ አለልሽ። የናሳዋ መንኮራኩር ዳርት በሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ሄዳ ጨረቃውን ዲሞርፎስን ስትገጨው የምህዋሩ ጊዜ ከ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ወደ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ መውረዱን የነገረን ማን ነው? ዲሞርፎስን ለብቻው አጉልቶ ያየ ካሜራ አይደለም። በቺሊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በአሜሪካና በሌሎችም ቦታዎች ያሉ ቴሌስኮፖች የለኩት የሁለቱ ጥምር ድምቀት ነው፤ ራዳሮች ደግሞ በበኩላቸው አረጋገጡት። ጨረቃው በዲዲሞስ ፊት ወይም ከኋላው ባለፈ ቁጥር ድምቀቱ በትንሹ ዝቅ ይላል፤ የዝቅታዎቹ ሰዓት ነው የተቆጠረው። እዚያ ሥራ ውስጥ የየሌሊቱ ቁራጭ እየተንሸራተተ ነው የተገጠመው።

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

ጋሼ፣ በዲዲሞስ ላይ አልከራከርዎትም። ዲዲሞስ ግን በ2.26 ሰዓት የሚዞር ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይዞርልዎታል። ጫፉንም ሸለቆውንም በአንድ ሌሊት ውስጥ ካዩት ቁራጩን የትም ቢያንሸራትቱት የግራፉ ቅርጽ አይጠፋም።

ድንቅነሽ ላይ ይህን ቢያደርጉ ምን ይሆናል? ስምንት ሰዓት ቢመለከቱ የ52.67 ሰዓቱን ዑደት 15 በመቶ ብቻ ነው የሚያገኙት። በዚያች ቁራጭ ውስጥ ድምቀቱ ወይ በዝግታ ይወጣል፣ ወይ በዝግታ ይወርዳል፣ ወይ ባለበት ይቆያል። ቁራጮቹን ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳሻዎ የማንሸራተት መብት ካለዎት የ20 ሰዓትም፣ የ37 ሰዓትም፣ የ80 ሰዓትም ዑደት ሠርተው ማሳየት ይችላሉ፤ ሁሉም ያምራል። የሚፈልጉት ምልክት ያለው በሌሊትና በሌሊት መካከል ባለው የከፍታ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ማንሸራተት ማለት ያንኑ ልዩነት መጣል ነው።

ይባስ ብሎ የ52.67 ግማሽ 26.33 ነው። የአስትሮይድ ግራፍ በአንድ ዙር ሁለት ጫፍና ሁለት ሸለቆ ስለሚኖረው ቅርጹ ከሞላ ጎደል በየ26.33 ሰዓቱ ይደገማል። ከአንድ ቦታ ሆኖ በየ24 ሰዓቱ የሚመለከት ሰው ትናንት ያየውን ቁራጭ ዛሬም ያያል፤ ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት ለእርሱ 26.33 ሰዓት፣ 12.56 ሰዓትና 271 ሰዓት ገደማ ሦስቱም መረጃውን ይገጥማሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረው እርሱ ጋ ቀን ሲሆን ሌሊት የሆነለት ሌላ ጣቢያ ነው። ያ ጣቢያ ደግሞ የሚጠቅመው ሁለቱ በአንድ መለኪያ ከለኩ ብቻ ነው።

ዛሬ ይህ ይቻላል። በእያንዳንዱ ምስል ላይ ከአስትሮይዱ ጋር አብረው የወጡት ከዋክብት በጋያ ወይም በፓን ስታርስ ካታሎግ ውስጥ ድምቀታቸው ተለክቶ ተቀምጧል። ቺሊ ያለውም ካሜራ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለውም ካሜራ የራሱን ዜሮ (የመለኪያውን መነሻ) ከእነዚያው ከዋክብት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት መቶኛ ማግኒቲዩድ ነው።

ምን አገባኝ (አዲስ አበባ)

ድሪቶ ያልኩትን አንስቻለሁ። ጋቢ ይባል።

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

ካታሎግ ካታሎግ አትበሉኝ። ካታሎጉ ንጹሕ ነው፤ የእኔ ካሜራ ግን ፊልተር የለውም። ፊልተር ብጨምርበት ብርሃኑ ግማሽ ይሆንና 17ኛ ማግኒቲዩድ ላይ ያለውን አላየውም። ያለ ፊልተር ስለካ ቀይ ኮከብና ሰማያዊ ኮከብ የተለያየ ዜሮ ነው የሚሰጡኝ። ፀሐይን የሚመስል ቀለም ያላቸውን ከዋክብት ብቻ መርጬ እንኳ ከሌሊት ወደ ሌሊት ሦስት አራት መቶኛ ይወላከፋል። ይህን ማስተካከል ሳይፈቀድልኝ መረጃዬን ከባለ ስምንት ሜትር ቴሌስኮፕ ጎን አስቀምጡት ብትሉ ጥቅሙ ለማን ነው?

በዚያ ላይ ሁላችሁም የረሳችሁት ሰዓት አለ። ሰዎች ከልኬታቸው ጋር የሚልኩት ሰዓት ከኮምፒውተራቸው የተወሰደ ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ ኮምፒውተር ደግሞ ሰዓቱ በየቀኑ ይሸሻል። በ20 ደቂቃ የሚዞር ትንሽ አስትሮይድ ላይ አንዲት ደቂቃ ብትሸሽ የዑደቱ 5 በመቶ ናት።

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

ስለ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ስለ መነሻው ደግሞ መሐል መንገድ አለ። የሌሊቱ መነሻ እንዲንቀሳቀስ ይፈቀድለት፤ ግን በነጻ አይደለም። በእርስዎ ካሜራ ከሦስት እስከ አራት መቶኛ የሚወላከፍ ከሆነ ስሌቱ ያንን ቁጥር እንዲያውቅ ይደረጋል። ቁራጩ 0.03 ቢንቀሳቀስ ምንም ቅጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ 0.3 ልንቀሳቀስ ካለ ግን ስሌቱ ውድ ዋጋ ያስከፍለዋል። ለባለ ስምንት ሜትሩ ያ ቁጥር 0.01 ሊሆን ይችላል። ሁሉም በየአቅሙ ይሳተፋል፣ ማንም የሌላውን አያጠፋም። ነጥቦችን ደግሞ በየስህተታቸው መጠን መመዘን እንጂ በብዛታቸው መመዘን አይገባም፤ አለዚያ አንድ ሌሊት ሙሉ በየደቂቃው ምስል ያነሣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥሩ ነጥቦች የሰበሰበውን ይውጠዋል።

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

ይህ ይሻላል። 0.03 ግን ለእኔ ትጠብባለች፤ 0.05 በሉልኝ።

የእንጦጦ ጎረቤት (አዲስ አበባ)

ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግን ስለ ቦታ ስታወሩ እኛን ዘለላችሁን። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። አትላስ በሃዋይ፣ በቺሊና በደቡብ አፍሪካ አለ። በመካከል ያለውን ክፍተት ኢትዮጵያ ትሞላለች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ፣ የጨረቃዋ ስም ከዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ሰላም የተሰየመ ሆኖ ሳለ እኛ በመለካቱ ውስጥ አለመኖራችን ያስቆጫል።

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

ቁጭቱን እጋራለሁ፤ ጂኦግራፊውን ግን እንየው። የደቡብ አፍሪካው የሰዘርላንድ ጣቢያ 21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። እንጦጦ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ልዩነቱ 18 ዲግሪ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ትልቁ ክፍተት ከሰዘርላንድ ወደ ምሥራቅ እስከ ሃዋይ ያለው ነው፤ ከ12 ሰዓት በላይ ይሆናል። ያንን የሚሞሉት መካከለኛው እስያ፣ ሕንድና አውስትራሊያ ናቸው። በኡዝቤኪስታን ያለው ማይዳናክና በሂማላያ ያለው ሃንሌ ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት በከንቱ አይደለም።

የእንጦጦ ጥቅም ሌላ ነው። 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ ለሰዘርላንድ ዝቅ ብለው ወይም ጨርሶ ሳይታዩ የሚቀሩ የሰሜን ሰማይ አስትሮይዶች ለእርሱ ከፍ ይላሉ። ሰዘርላንድ ሲደመን እንጦጦ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቅምት በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ ለእናንተ ምርጥ ናቸው። ክረምቱንና የከተማውን መብራት አልነግርህም፤ አንተው ጎረቤቱ ነህ።

የእንጦጦ ጎረቤት (አዲስ አበባ)

መብራቱ በየዓመቱ እየባሰ ነው፤ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ስም ሲነሣ የኖረውም ለዚህ ነው። 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃውን ግን አትናቁት። እንዳሉት 12 ሰዓት ክፍተት ካለ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀነስ ቀላል አይደለም። ኤፕሪል 13 ቀን 2029 አፖፊስ የተባለችው አስትሮይድ ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ ከአፍሪካ በዓይን ብቻ ትታያለች። ያን ሌሊት የቦታ ጉዳይ ማንም አያነሣብንም፤ የበልግ ደመና ካልከለከለን።

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

አፖፊስን ካነሣህ፣ እርሷ በአንድ ዛቢያ ላይ አትዞርም፤ እየተንገዳገደች ነው የምትሄደው። ሁለት ጊዜዎች ተደባልቀውባታል። አንድ ዑደት ፈልጎ መረጃ በላዩ ላይ ማጠፍ (ሁሉንም ዙሮች አንድ ላይ መደረብ) ለእርሷ አይሠራም።

አስተባባሪ

አፖፊስ መሬትን ትመታለች ወይስ አትመታም የሚሉትን አሥራ ምናምን አስተያየቶች ወደ ሌላ ክር አዛውሬአለሁ። አትመታም። ቀጥሉ።

ብርሃን ለኪ (ባሕር ዳር)

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመልሳችሁ። መረጃው በትክክል ከተገጠመ 52.67 ለምን ከ3.74 ጋር አልተገናኘም?

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

ምክንያቱም የተለያዩ ነገሮች ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

መንኮራኩሯ ያሳየችው ይህን ነው። ዋናዋ ድንቅነሽ በአማካይ 720 ሜትር ገደማ ስፋት አላት። ሰላም ከእርሷ 3.1 ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች፤ እርሷ ራሷ ደግሞ የተጣበቁ ሁለት ጉብታዎች ናት፣ አንዱ 210 ሌላው 230 ሜትር ገደማ። ሰላም ድንቅነሽን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባት 52.67 ሰዓት ነው፤ ልክ እንደ እኛ ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ ዋናዋ አድርጋ ነው የምትዞረው። ስለዚህ በአንድ ምህዋር አንድ ጊዜ በራሷ ዛቢያ ትዞራለች። ረዘም ያለች ስለሆነች ስትዞር ድምቀቷ ይለዋወጣል። ለምድር ቴሌስኮፕ ሁለቱ አንድ ነጥብ ናቸው፤ የሚለካው የድምራቸውን ብርሃን ነው። በዚያ ድምር ውስጥ ጎልቶ የወጣው ምት የጨረቃዋ ነበር።

ዋናዋ በአንጻሩ ወገቧ ላይ ጉብታ እንዳላት እንዝርት መሳይ ናት። በዛቢያው ዙሪያ ከሞላ ጎደል ክብ የሆነ ነገር በፍጥነት ቢሽከረከርም ድምቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። የ3.74 ሰዓቱ ምት በዚያ ደብዛዛ ነጥብ ላይ ከልኬቱ ስህተት ጎልቶ መውጣት አልቻለም። ሉሲ ስትቀርብ ግን የድምቀቱ መለዋወጥ አጠራጥሮ ስለነበር ቡድኑ ከማለፏ በፊት "ጥንድ ትሆን?" ብሎ መጠየቁን ራሳቸው ተናግረዋል።

ለጓደኞችሽ ይህን በያቸው። ከምድር የተሰበሰበው መረጃ ጨረቃዋን ሳያይ የጨረቃዋን የምህዋር ጊዜ በትክክል ለክቷል። የጎደለው ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገር ስም ነበር።

ምን አገባኝ (አዲስ አበባ)

ታዲያ በዚህ ዓይነት "ዘገምተኛ" ተብለው የተመዘገቡት ሌሎች አስትሮይዶችስ? ስንቱ ነው ጨረቃ የደበቀ?

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

አንዳንዶቹ መሆናቸው አይቀርም። ሁሉም ግን አይደሉም። የዚያችው መንኮራኩር ሁለተኛ ማቆሚያ ዶናልድጆሃንሰን ነበር፤ ስሙ ሉሲን በ1974 ሀዳር ላይ ካገኙት ተመራማሪ የተወሰደ ነው። ከምድር በተሰበሰበው ድምቀት ዑደቱ 252 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከአሥር ቀን በላይ ነው ተብሎ ነበር። የመለዋወጡ መጠንም ሰፊ ስለነበር ቅርጹ በጣም ረዥም እንደሚሆን ተጠበቀ። በኤፕሪል 20 ቀን 2025 ሉሲ ስታልፍ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሁለት ጉብታዎች በቀጭን አንገት የተያያዙበት አካል ታየ። ያ እውነተኛ ዘገምተኛ ነው። ጋሼ፣ ለአሥር ቀን ዑደት የየሌሊቱን ቁራጭ ማንሸራተት ምን ያተርፋል?

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

ምንም። ለዘገምተኞቹ ተረታሁ አልልም፤ ድሮም አልለካቸውም።

ትርፍ ኮምፒውተር (ሐዋሳ)

እዚህ ክር ላይ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ቤት ያለው ኮምፒውተሬ ሥራ ሲፈታ "አስትሮይድስ አት ሆም" ለሚባለው ፕሮጀክት ስሌት ይሠራል። ከጋያ መረጃ ነው የሚሉት። አንድ አስትሮይድ ላይ የጋያ ልኬት ጥቂት ደርዘን ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ በዓመታት የተበታተነ፣ ከዚያ እንዴት ቅርጽ ይወጣል?

ቁጥር ይናገር (ጀርመን)

ስለ ኮምፒውተርህ እናመሰግናለን፤ ለዚያ ሥራ በእውነት ያስፈልጋል።

ነጥቦቹ ጥቂት ቢሆኑም እጅግ ጥራት ያላቸውና በአንድ መለኪያ የተለኩ ናቸው፤ ጋያ ከከባቢ አየር ውጭ ነበረች። በ2022 የወጣው ሦስተኛው የጋያ መረጃ 158,000 ገደማ የሥርዓተ ፀሐይ አካላትን ይዟል። በዓመታት ውስጥ መሬትና አስትሮይዱ ቦታ ስለሚለዋወጡ እያንዳንዱ ነጥብ አስትሮይዱን ከተለየ ጎን ነው የሚያየው። ካሳላይነንና ቶርፓ በ2001 ያሳተሙት ዘዴ አንድን የዑደት ጊዜ፣ አንድን የዛቢያ አቅጣጫና አንድን ወደ ውጭ ብቻ የጎበጠ (ስርጉድ የሌለው) ቅርጽ ያስቀምጥና "ይህ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ቀኖች ምን ያህል ይደምቅ ነበር?" ብሎ ከልኬቱ ጋር ያስተያያል። ችግሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዑደት ጊዜዎች መሞከር አለባቸው፤ ያንተ ኮምፒውተር የሚሞክረው እነዚያን ነው። ከተሳካ በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ በሚተዳደረው ዳሚት በሚባለው መዝገብ ይቀመጣል።

የጋያ ነጥቦች ብቻቸውን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መልስ ይሰጣሉ። የአትላስን ተደጋጋሚ ነጥቦች ስታክልበት፣ በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ጋሼ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት ውስጥ ያነሣውን ጥቅጥቅ ያለ ቁራጭ ስትጨምር መልሱ አንድ ይሆናል። ግትር ሆኖ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ምህዋሩ ወደ መሬት ምህዋር ወለል የተጠጋ ከሆነ ዛቢያው 180 ዲግሪ በሚራራቁ ሁለት አቅጣጫዎች እኩል ይገጥማል። ያንን ድምቀት ብቻውን አይፈታውም። አስትሮይዱ ኮከብ ሲጋርድ ጥላውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው የሚፈቱት።

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

ጋያ ግን በጃኑዋሪ 2025 ምልከታዋን ጨርሳለች። አሁን ሁሉም ዓይኑን ቺሊ ባለው በሩቢን ቴሌስኮፕ ላይ ጥሏል። በጁን 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹ ሲወጡ ብቻ 2,104 አዳዲስ አስትሮይዶች ነው የቆጠረው። ስድስት ፊልተር አለው፤ ተመልሶ ሲመጣ በሌላ ፊልተር ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ የፊልተር ክርክር እንግዲህ በሚሊዮን ይባዛል። ደማቆቹን ግን ካሜራው ይጠግብባቸውና መለካት አይችልም። እነዚያ ለእኛ ለጓሮ ሰዎች ተረፉ።

ብርሃን ለኪ (ባሕር ዳር)

ድንቅነሽን ለጊዜው ትቼ ደማቅና መልሱ የታወቀ አስትሮይድ ወሰድኩ፤ ኤሮስን። ኒር ሹሜከር የተባለችው መንኮራኩር በ2000 ምህዋሩ ገብታ በ2001 አርፋበታለችና የ5.27 ሰዓት ዑደቱ አያከራክርም። ከሁለት ምንጮች የወሰድኩትን ልኬት ርቀቱን፣ ማዕዘኑን፣ የብርሃን ጉዞውንና ፊልተሩን አስተካክዬ በ5.27 ሰዓት አጠፍኩት። ንብርብሩ ጠፍቷል፤ ከፍታቸው ገጥሟል። ነገር ግን የአንዱ ምንጭ ጫፍ በሌላው ሸለቆ ላይ ይወድቃል። በሁሉም ሌሊቶች እንደዚያው ነው። ዑደቱን በጥቂቱ ብነካካውም አይስተካከልም።

ሌሊት ሰባት ሰዓት (ቨርጂኒያ)

በሁሉም ሌሊቶች እኩል ከሆነ ዑደቱን አትንኪው ልጄ። የሰዓት አጻጻፍ ነው። አንደኛው ፋይል ሙሉ የጁሊያን ቀን (ቀኖችን በተከታታይ ቁጥር የሚቆጥር ነው)፣ ሌላው የተሻሻለውን የጁሊያን ቀን ነው የሚጠቀመው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2,400,000.5 ነው። አንደኛው ፋይል ሲዘጋጅ 2,400,000 ብቻ ተቀንሶለት ከሆነ ግማሽ ቀን ተርፏል። 12 ሰዓት ለ5.27 ሲካፈል 2.28 ነው፤ ሁለቱን ሙሉ ዙር ጣዪው፣ የሚቀርሽ ከሩብ ዑደት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሩብ ዑደት ደግሞ ጫፍን ከሸለቆ የሚያገናኝ ነው።

ያንን ካረምሽ በኋላ የተጻፈው ሰዓት ምስሉ የተጀመረበት ይሁን ወይስ የምስሉ መካከል ደግሞ እዪ። አትላስ 30 ሰከንድ ነው የሚያነሣው፣ ለኤሮስ ግድ የለም። ሁለተኛው ምንጭሽ ግን የአምስት ደቂቃ ምስል የሚያነሣ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ተኩል ጨምሪበት።

ብርሃን ለኪ (ባሕር ዳር)

ሁለተኛው የሦስት ደቂቃ ነው። ግማሽ ቀኑ ተገኝቷል፤ አንድ ደቂቃ ተኩሉን ጨምሬ ግራፉን ማታ እለጥፈዋለሁ።